የሰይድ አምባዛ

እሑድ፣ ጥር 17

ዛሬ ከሰይድ ጋር አፋምቦ ሐይቅ ዓሣ ልናጠምድ ወረድን። ጋራዥ አብረን ነው የምንሠራው፤ መንጠቆ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሸምበቆው መሃል ጭቃ ውስጥ ቆሜ አንዲት እንኳ አልያዝኩም። እሱ ገና መንጠቆውን ከመጣሉ ክንዱን የሚያህል አምባዛ ጎትቶ አወጣ። "ማሻአላህ" አልኩት፤ አንጀቴ ግን አረረ።

ሰይድ ሊታጠብ ሲሄድ ግመል የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡ። እንደ ደንባቸው ቁጭ ብለን ዳጉ ተለዋወጥን፤ ያየኸውን ትነግራቸዋለህ፣ እሳቸው ላገኙት ሁሉ ያደርሳሉ። አፋሮች ስልክ ቢይዙም ዳጉን አልተዉም። በዳጉ ደግሞ አይዋሽም። እኔ ግን አምባዛውን አንስቼ "እኔ ነኝ የያዝኩት" አልኳቸው።

ስንመለስ አሳይታ ሻይ ልንጠጣ ገባን። ወሬው ቀድሞናል።

"ትልቁን አምባዛ የያዘው ረጅሙ መካኒክ አንተ ነህ አይደል?" አለኝ ባለ ሻይ ቤቱ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰይድ አንዴ አየኝና "አዎ፣ እሱ ነው" አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዓሣው መብለጡ አንሶ፣ በዚህም በለጠኝ።