ሎሚው ሥር የተገኘው ኮቴ

ለልጄ ለማቲልዴ፣

የሰማይዋ እናት ከክፉ ዓይን ትሸሽግሽ፤ በቫሌንሲያም የሚወድሽ ሰው አታጪ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፓይሳንዱ በጋው ገብቶ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

ሎሚያችን ላይ አንዲት ሆደ ቀይ ወፍ ጎጆ ሠርታ ሦስት እንቁላል ጥላ ነበር። ማክሰኞ ሳይ ሁለት ቀርቷል፤ ከሥሩ ደግሞ የወንድ ጫማ ኮቴ አለ። ከጎረቤታችን ከዶን ባልታሳር ሌላ ማንን ልጠርጥር? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አጥር ተደግፎ ግቢያችንን ሲያይ ነው የሚውለው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ መስዬ ወጣሁና በጓሮ ዞሬ አደፈጥኩ። ወዲያው ቆርቆሮ ይዞ አጥሩን ዘለለ።

«ያዝኩህ፣ አንተ እንቁላል ሌባ!»

ቆርቆሮው ከእጁ ወደቀ። «ኧረ ዶኛ ኤውላሊያ! ሌባውማ ያውልዎት!»

ቁጥቋጦው ውስጥ ክንድ የሚያህል እንሽላሊት ምላሱን እያወጣ ያየናል። ለካ ሰውየው የመጡት እንሽላሊቱ እንዳይወጣ ግንዱን በቆርቆሮ ሊጠቀልሉልኝ ነው፤ የማክሰኞው ኮቴም ግንዱን ሊለኩ ሲገቡ የተዉት ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በዚያ በሚያምዎት ጉልበት መሰላል ይወጣሉ ብዬ ፈርቼ።»

አፈርኩ። ግን ጉልበቴን እንደሚያመኝ እንኳን ለጎረቤት ለቄሱም አልተናገርኩም፤ የጻፍኩት ለአንቺ ብቻ ነው። ከማን እንደሰሙ ስጠይቃቸው ጆሯቸው ቀልቶ ስለ ወፏ ማውራት ጀመሩ።

ልጄ፣ ጠባቂ አቁመሽብኝ ከሆነ አልቆጣም፤ እባክሽ እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። ባትጽፊም ለምሳ ጠርቻቸዋለሁ፤ ሲጠግቡ ያወጡታል።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

እናትሽ ኤውላሊያ