ከካኔኦሄ ወጥተን ወዴት?

ውድ ወንድሜ ኬአሂ፣

«ታዲያ ወዴት ልትሄዱ ቆረጣችሁ?» ሳትል አትቀርም፤ ባለፈው ስትደውልም የመጀመሪያ ቃልህ እሱ ነበር። እመልስልሃለሁ፣ ግን ሰላምታው ይቅደም። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ትከሻህ ተሻለህ ወይ? እዚያ ጃፓን፣ ሳሴቦ ወደብ፣ ዝናቡ ገባ? መርከቡ ላይ የሚያቀርቡላችሁ ሩዝስ አሁንም ጠጠር ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አያታችን ቱቱ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ ከማናችንም የበለጠ ጤነኛ ነው። እማዬም ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው፤ ስለ እሱ ግን ወደ ታች የምጽፍልህ አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። «ሄሎ» ስል እማዬ ትነጥቀኛለች፣ ከእሷ ደግሞ ቱቱ ትነጥቃለች፣ አባዬ ከበረንዳ ሆኖ «በልቷል ወይ በሉት» ይላል፣ ከዚያ አንተ ወደ ሥራህ ትጠራለህ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት የሚነጥቀኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከራያችን እትዬ ኪሺሞቶ ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸው ቤቱን ሊሸጡት ነው። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሊነግሩን ሲመጡ አንድ ሣጥን ፓፓያ ተሸክመው መጥተው ከእማዬ ጋር አብረው አለቀሱ። እስከ ኦገስት መጨረሻ ልቀቁልን አሉ። «ከፈለጋችሁ ለእናንተ ቅድሚያ እንሰጣለን» ብለው ዋጋውን ሲጠሩት እኔ የሳቅሁትን ሳቅ ሰምታ ቱቱ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣች። ሌላ ቤት እዚሁ ካኔኦሄ እንዳንከራይ፣ አሁን የምንከፍለውን እጥፍ ነው የሚጠይቁት።

እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ተመርቄያለሁ። ፎቶውን አይተሃል፤ የአበባ ሐብሉ ከአንገቴ ጀምሮ አፍንጫዬ ድረስ ተከምሮ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚታየው። ሐብሉ ሲረግፍ ግን የሥራ ነገር መጣ። የውሃ መሐንዲስ ተብዬ እዚህ ብቀጠር ግማሹ ደሞዜ ለኪራይ፣ ከቀረው ላይ ግዛቱ ግብሩን ይቆርጥና፣ በተረፈችው ወተትና እንቁላል ስገዛ እዚያም ላይ ሌላ ግብር ይጠብቀኛል። ታውቀኛለህ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። የአሜሪካን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሁሉ አሰለቸሁ። ቱቱ «ይህች ልጅ አገር ልትወር ነው እንዴ?» ትላለች።

መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ቴክሳስ ነበር፤ ከደሞዝ የሚቆርጡት ግብር የለምና። ኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን በደሞዝህ በኩል የማረህ በቤትህ በኩል ይጠብቅሃል፤ የቤት ግብሩ አያድርስ ነው። ይሄ ስናማርረው የምንውለው ሃዋይ በቤት ግብር ከዝቅተኞቹ አንዱ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን ቤት ለሌለው ሰው ምን ይበጀዋል!

እንዲህ እያልኩ ሁለት ቦታ ቀረልኝ። አንዱ ላስ ቬጋስ፤ አክስቴ ሞሚ አለች፣ ግማሹ ሰፈራችንም እዚያው ከትሟል። ይሄ የቱቱ ምርጫ ነው፣ ምክንያቷንም ታውቀዋለህ፣ የቁማር ማሽን ነው። ሌላው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለችው ቫንኩቨር ናት፤ የካናዳዋን አይደለም የምልህ። እዚያ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሊቀጥረኝ ፈቅዷል፣ እስከ ጁላይ አጋማሽ መልስሽን ስጪን ብለውኛል። ከተማዋ ወንዝ ዳር ናት። ወዲህ ማዶ ስትኖር ከደሞዝህ ግብር አይቆረጥም፤ ድልድዩን ተሻግረህ ኦሪገን ስትሸምት ደግሞ ዕቃ ላይ ግብር የለም። ይህን ያህል ብልሃት ሳገኝ እማዬ ትስመኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ለሳሙና ብዬ ወንዝ ልሻገር?» አለችኝ።

እማዬ የምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለክረምት ሲዘጋ ነፃ ሆነችና ሁላችንም አገር ልናይ ወጣን። ባዶ እጅ አይኬድም ተብሎ አንድ ሻንጣ ሙሉ የማንጎ ዳቦ ተጭኗል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤት ሊያሳየን የመጣው ደላላ በሩን ከፍቶ ዞር ሲል አራታችንም እንደ አገራችን ደንብ ጫማችንን ደጃፍ አውልቀን በባዶ እግራችን ቆመናል። ሰውዬው ባዶ ቤት ውስጥ ጫማውን ያውልቅ አያውልቅ ጨነቀው። በመጨረሻ አወለቀ፤ አንደኛው ካልሲው ቀዳዳ ነበር። እማዬ አንድ ሙሉ ዳቦ ሰጠችው።

ችግሩ የተፈጠረው መንገድ ላይ ነው። አባዬ የአክስቴን መኪና እየነዳ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው መሆኑን ታውቃለህ፤ ከጎን ሊገባ የፈለገ መኪና ካየ ቆሞ «ግባ፣ ግባ» ይላል። አንዱን አስገባ፣ ሁለተኛውን አስገባ፣ ሦስተኛዋን ሴትዮ በእጁ ሲጠራ ከኋላው ያለው ሰውዬ ክላክሱን አስጮኸበት። የአባዬ ፊት በራ! «አያችሁ? ገና ከመምጣታችን የሚያውቀን ሰው ተገኘ!» ብሎ መስኮቱን አወረደና አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ እያወዛወዘ ሰላም አለው። ሰውዬው አሁንም አስጮኸው፣ ያውም ረጅም። «ማን ይሆን? ያ የሰፈራችን የካሌኦ ልጅ ይሆን እንዴ?» አለ አባዬ፣ ሊወርድ በሩን እየከፈተ። አክስቴ ሆዷን ይዛ «ኧረ አንተ ሰውዬ! እዚህ አገር ክላክስ ሰላምታ አይደለም፣ ስድብ ነው!» አለችው። እማዬም «ንዳ እንጂ፣ የካሌኦ ልጅ ሊደበድብህ ነው» አለች።

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፣ እሱም አብሮን ሳቀ። እራት ላይ ግን ሹካውን አስቀምጦ «ጥሩ አገር ነው፣ እናንተ ኑሩበት። እኔ ለጡረታዬ አራት ዓመት ይቀረኛል፤ ወዳጄ ክላይድ የመኪና ማደሪያ ጋራዡ ውስጥ አልጋ አለ ብሎኛል፣ እየሠራሁ እልክላችኋለሁ» አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። እማዬ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ቱቱን ለጥቂት ቀን ለአክስቴ ትተን ሦስታችን ቫንኩቨር ሄድን። ስንደርስ ልክ እንደ ካኔኦሄያችን ይዘንባል። እማዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ቆማ አየሩን ሳበችና «እሺ፣ ይሄስ ቤት ቤት ይላል» አለች፤ በዚያው ወሰነች። አባዬም ወንዙ ዳር ከሚያጠምዱት ሰዎች መሃል ገብቶ የዓሣውን ማጥመጃ ምግብ ሲጠይቅ፣ አንዱ ሽማግሌ ዘንጉን አስይዞት ሲስቁ አየሁ። ልቤ ሞላ። ስንመለስ ግን «ለእናንተ ጥሩ ቦታ ነው» አለ። «ለእናንተ» የምትለዋ አቃጠለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ አባዬ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። እዚያ ላይ ሆኖ ጥሎኝ የትም አይሄድም ብዬ ነው። ከጀርባው ተቀምጬ «አባዬ፣ ለምንድነው የማትሄደው?» ስለው ሹፌር ማናገር ክልክል ነው የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ፊሎሜና ዘንቢላቸውን ታቅፈው «አንቺ ልጅ፣ ተመረቅሽ አሉ፣ እሰየው፤ ግን አባትሽን አታስለቅሺብኝ፣ ገና ቤቴ አላደረሰኝም» አሉኝና መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔም መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አብሬው ተጓዝኩ።

ሰው ሁሉ ሲወርድ ሞተሩን አጠፋ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ መስታወቱን እያየ፣ «ኬአሂ ለገና የባሕር ኃይል አገልግሎቱን ይጨርሳል። ልጁ አገሬ ብሎ ሲመለስ ኤርፖርት አበባ ይዞ የሚቆም ሰው ይጣ? ከእኛ አንድ ሰው እዚህ መቅረት አለበት» አለኝ። ጡረታው ሰበብ ነው፣ ወንድሜ። ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የሠራበትን ያህል ጊዜው ሲደርስ ይከፍሉታል። አልሄድም ያለው በአንተ ምክንያት ነው።

«ይመለስ እንደሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አልኩት። «እንዴት ይጠየቃል! ብጠይቀው እኔን ደስ እንዲለኝ ሲል ያላሰበውን ይለኛል» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ይኸውልህ፣ የጠየቀህ ሰው ስለሌለ እኔ እየጠየቅሁህ ነው። ወደ ደሴታችን እመለሳለሁ ካልክ አልቀየምህም፤ አባዬና አንተ የጋሽ ክላይድን ጋራዥ ትካፈላላችሁ፣ እኛ ቀድመን ቤት እናሞቃለን። ወደ ቫንኩቨር እመጣለሁ ካልክም አንድ ክፍል የአንተ ነው። እዚያው ባሕር ማዶ መቅረት አስበህ ከሆነ ደግሞ፣ ካሰብክ፣ እሱንም ንገረው። እናለቅስ ይሆናል፣ ግን አባዬ ለማይመጣ ሰው ብሎ አራት ዓመት ብቻውን አይተኛ።

እማዬ «ይበላ፣ ከመተኛቱ በፊት ጸጉሩን ያድርቅ» ብላ ትስምሃለች። ቱቱ ከላስ ቬጋስ ማሽን አርባ ዶላር ማግኘቷን ንገሪው ብላለች፤ የበላባትን ግን አትንገሪው ብላኛለች። ጋሽ ክላይድና ባለቤቱ ሰላም ይሉሃል፤ የጋራዡን አልጋ አንሶላ ቀይረውለታል፣ በዚህ ብቻ አኩርፌያቸዋለሁ። አክስቴ ሞሚ ከዚያው ትናፍቅሃለች። አባዬ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ግን «በልቷል ወይ» ብለሽ ጠይቂልኝ ይል ነበር።

መልስህን ሳትውል ሳታድር ላክ። ፖስታው ላይ የእኔን ስም አትጻፍ፣ የአባዬን ጻፍ፤ ውስጡም የልብህን፣ እሱን ደስ የሚለውን አይደለም።

እህትህ ኢዋላኒ
ካኔኦሄ፣ ኦዋሁ
ጁን 23 ቀን 2019