እማዬ ለገዲሴ ስትስቅ

ጥቅምት 3፣ 1979
ስኳር መጣ ተብሎ ኅብረት ሱቅ ስሰለፍ ዋልኩ። ስመለስ እማዬ በረንዳ ላይ ከወተት አምጪዋ ከገዲሴ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች። እየሳቀች! ለእኔ ከሳቀችልኝ ስንት ጊዜ ሆነ? ስገባ ሁለቱም ዝም። እኔ እንደሁ ቋንቋውን አላውቀው። ነፍሱን ይማረውና አባባ፣ በቤቱ ከአማርኛ ሌላ እንዲነገር አይፈልግም ነበር።

ጥቅምት 9
ከቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። ሊቀመንበሩ ምን እንደሚለኝ እንጃ...
እማዬን አማርኛው ጥሏት ሄዷል። "ውሃ" እንኳ አትልም። ገንፎ ሳጎርሳት ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። ገዲሴ ከሀና ማርያም ወተቷን ይዛ ስትመጣ፣ በዚያው ማንኪያ፣ ያንኑ ገንፎ ሙልጭ! ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ቀናሁ።
ከዚያ እማዬ ወደ እኔ እያየች የሆነ ነገር አለች። "ምን አለችኝ?" "እየመረቁሽ ነው፣ እትዬ ንግስት።" ምርቃት እንዲህ ፊት ያስቋጥራል?

ጥቅምት 16
"ከነገ ጀምሮ ወተት አንፈልግም" አልኳት ገዲሴን። "ምን አጠፋሁ?" አለች። ምን ልበላት? እናቴን ወሰድሽብኝ ልበል?

ጥቅምት 19
ሦስት ቀን። ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

ጥቅምት 20
ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ ግን ታጋሽ። "እርጅና ብቻ አይደለም። አንጎላቸው ውስጥ መጽዳት የነበረበት ፕሮቲን ይጠራቀማል፣ ሴሎቹም ይሞታሉ። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው።" መድኃኒቱስ? "የለውም።" አማርኛው ለምን ቀደመ? "ብዙ ጊዜ ኋላ የመጣው ነው ቀድሞ የሚሄደው። የልጅነቱ ይቆያል።"
እኔም ኋላ የመጣሁ ነኝ እኮ! አርባ ሁለት ዓመት "እማዬ" ብያት፣ ለካ ለእሷ የትናንት ነኝ። ገዲሴ ግን በእማዬ የልጅነት ቋንቋ ዘው ብላ ገባች። ነገሩ ገብቶኝ እንኳ ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ጥቅምት 21
እማዬን ለጎረቤቴ ለዙሌካ ትቼ፣ ከመካኒሳ ሀና ማርያም ድረስ በእግሬ። ገዲሴ ላም ታልባለች። "ይቅርታ" ከአፌ እስኪወጣ ላብ አጠመቀኝ። "ያን ቀን ምን ነበር ያለችኝ? በዛሬዋ ማርያም፣ እውነቱን።"
መሬት መሬቱን አየች። "'ይቺ ሴትዮ ማናት? መቼ ነው ከቤቴ የምትወጣው?' ነው ያሉት... እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እትዬ?"
እዚያው ላሟ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። የቀናሁባት ልጅ ለካ ስትዋሽልኝ ነው የከረመችው።
ከዚያ "አዮ፣ ኛዱ" አስጠናችኝ። "እማዬ፣ ብዪ" ማለት ነው። "ዱ"ዋ አልወጣልኝ ስትል ገዲሴ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 22
ገዲሴ መጣች። እማዬ በላች። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ።

ኅዳር 7
ዛሬ ገዲሴ ገበያ ሄዳ ቀረች። ገንፎውን ይዤ ፈራ ተባ እያልኩ ቀረብኩ። "አዮ፣ ኛዱ።" ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች! አንድ ማንኪያ፣ ሁለት... ሳህኑ ባዶ ሆነ። ጉንጬን በመዳፏ ያዘችና ፈገግ አለች።
"ገዲሴ" አለችኝ።
ወጋኝ። ውሸት ምን ያደርጋል።
"አቤት" አልኳት።