የጁምዓዬ መስመር

ሪያድ፣ መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዕለቱ ጁምዓ ነው። ከትናንት ጀምሮ አቧራው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ደፍነነዋል። አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ማዶ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው አለ፤ እንዳይነቃ ቀስ እያልን ነው የምናወራው።

ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰላምታዬ ከዚህ ይረዝም ነበር። ግን እትዬ፣ ተናድጃለሁ። እየተናደድኩ አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

በድምፅ የላክሽልኝን ሰምቼዋለሁ። አንድ ጁምዓ ልጅሽ ፈቲያ ዘንድ ሳልሄድ ብቀር፣ ልጄን ጥለሻት ጠፋሽ፣ የሰው አገር ልብሽን ድንጋይ አደረገው አልሽኝ። ደውዬ ያልመለስኩልሽ አሁን ስልክ ስለሌለኝ ነው። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ሴት ለቅቃ አገሯ የምትገባ ናት። እሷን ምንም አትጠይቂያት፤ የምታውቀው ነገር የለም።

አሁን ስሚኝ። ፈቲያን እዚህ ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የአሠሪዬ የማዳም ወንድም ሠራተኛ ሲፈልግ ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬ አፌን ሞልቼ የመሰከርኩልሽ እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላት ከዚያ ቤት ወጥታ ጠፋች። አንቺ ሥራው ከብዷት ነው፣ ቻል ብታደርገው ምን ነበር አልሽ። እትዬ፣ የምትተኛበትን ክፍል ቁልፍ ከበሩ ነቅሎ ኪሱ የከተተው ማን እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ሌላውን እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ስለዚህ ቁልፉን ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

ከወጣች ወዲህ መንሱራ የሚባል ሰፈር ከሌሎች እህቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጠግታ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ከዙሁር ሶላት በኋላ ማዳም ሦስት ሰዓት ትፈቅድልኛለች። ሾፌሩ ኑረዲን ባዲዓ ሰፈር የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ያወርደኛል፤ እሱ ዞር ሲል ታክሲ ይዤ መንሱራ እሄዳለሁ። ጸጉሯን እሠራላታለሁ፣ አብረን ምሳ እንበላለን፣ እመለሳለሁ። ይህን ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

በየካቲት አጋማሽ ማዳም ስልክ ሰጠችኝ። የልጇ የለይላ አሮጌ ስልክ ነው፤ ግን መስታወቱ እንኳን አልተሰነጠቀም። ግድግዳ አስደግፋ ፎቶ አነሳችኝና የቤተሰቡ መከታተያ ውስጥ አስገባችኝ። መከታተያው ካርታ ነው። የባባ፣ የማዳም፣ የልጆቹ ፊት በክብ ውስጥ ሆኖ ያሉበት ሰፈር ላይ ይታያል። ከላይ «ቤታችን» ይላል። ኑረዲን እንኳን የለበትም። ዘጠኝ ዓመት አገልግዬ ከሰው ቆጠሩኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደውዬም ተኩራራሁብሽ። አንቺም እሰይ አልሽኝ።

ካርታው ያለፉትን ቀኖች መንገድ ሁሉ በመስመር ስሎ እንደሚያስቀምጥ ያወቅኩት ከለይላ ነው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን እያየች፣ «ያ ኻላ፣ ጁምዓ ጁምዓ መንሱራ ምን ትሠሪያለሽ? ሳትነግሪን አገባሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ይህን ያረጀ ፊት ማን ያገባዋል ብዬ አብሬያት ሳቅኩ። «ጥርስ የሌለው ባለ ሱቅ አይጠፋም» ብላኝ ወጣች። ያጠብኩትን ሳህን መልሼ አጠብኩት።

አረብኛ ማንበቤን እዚያ ቤት ማንም አያውቅም። አማርኛውን አንቺ ጨርሰሽ ከጣልሻቸው ደብተሮች እንደለቀምኩት ሁሉ፣ ይህንንም ልጆቹ ከጣሉት ወረቀትና ከሳሙና ካርቶን ለቀምኩት። የሁለተኛ ክፍል ደብተር ላይ «የተሳሳተውን ቃል ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ በየገጹ አለ። ያንን «ሰርዝ» ስልኩ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ልብስ እየተኮስኩ፣ ካውያውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ነካሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አዎ አልኩት። መስመሩ ጠፋ።

የእኔም ስህተት አለ፤ እነግርሻለሁ። የሰረዝኩት መንሱራን ብቻ አይደለም። ዳቦ ቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ማዳምን አጅቤ የሄድኩበትን ጥርስ ሐኪም፣ የሦስት ሳምንት መንገዴን ሁሉ አጠፋሁት። ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ የትም ሳይረግጥ ይኖራል? ጁምዓ ዕለት ራሴን አመመኝ ብዬ ቤት ዋልኩ። ለካ እነሱ የማዳም ወንድም ከጅዳ እስኪመለስ መስመሩ የት ይሄዳል ብለው ትተውት ኖሯል።

ቅዳሜ መጣ። ሳሎን ተቀምጠው ካርታውን ከፈቱት፤ ባዶ ነው። ጠሩኝ። ማዳም አልጮኸችም። ብርቱካን እየላጠች ቀና ብላ፣ «ማንበብ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ወንድሟ ሳቀ። «ሰፈሩን ለይላ አይታዋለች፤ በሩን አንቺ ታሳይኛለሽ። ነገ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ። እምቢ ካልሽ ፖሊስ፣ ከዚያ ተርሒል፤ ወዳገርሽ ያባርሩሻል። ኸላስ» አለኝ።

የምትሏትን ልጅ አላውቃትም ብዬ ድርቅ አልኩ። ማዳም ብርቱካኗን እየበላች፣ «የገዛ እህትሽ ለደላላው ነግራዋለች። አክስቷ ጁምዓ ጁምዓ ትጠይቃታለች ብላዋለች። ስልኩን ለምን የሰጠሁሽ መሰለሽ?» አለችኝ።

እትዬ! ደላላውን ሸምሱን ቤትሽ አስገብተሽ ምሳ አበላሽው። ይቅር ብለዋታል፣ በክብር ሊሸኟት ነው ሲልሽ አመንሽው። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ በቁርኣን አስምዬሽ አልነበረም? ስልክ ሰጡኝ ብዬ ስደውልልሽ እኮ ሰውየው ከቤትሽ ከወጣ አስር ቀን አልሞላውም። እሰይ ስትዪኝ አንድም ነገር ትዝ አላለሽም? እና የእኔ ልብ ነው ድንጋይ የሆነው? በእነሱ ብናደድ የት ይደርስልኛል? ባዕድ ናቸው። አንቺ ግን እናቷ ነሽ።

እሁድ ጠዋት ልጆቹን ቁርስ አበላኋቸው። ለይላ የቀሚሷ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፤ ተከልኩላት። ኑረዲን ይዟቸው ወጣ። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ አልጋዬ ላይ ተውኩት፤ ካርታውን ቢያዩ ፊቴ እቤት ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ አልጠየቅኩም። የቆሻሻውን ከረጢት አንስቼ በሩን ከፈትኩ። ከዚያ በየት እንደሄድኩ፣ የማንን በር እንዳንኳኳሁ፣ ከማን ጋር እንደወጣሁ አልጽፍልሽም።

መንሱራ ያለው ክፍል ባዶ ነው ሲሉሽ ብትሰሚ አትደንግጪ። ሸምሱም ተመልሶ ከመጣ ምሳውን ስጪው። አሁን የምታውቂው ነገር ስለሌለ የፈለገውን ጠይቆ ይሂድ።

ለእማዬ ለረመዳን እመጣለሁ ብያት ነበር። ፈቃድ ከለከሏት በያት። ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው ካለችሽ ዝም በይ። አንዴ እንኳን ዝም በይልኝ።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ዛሬ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ግን ጸጉሩን የሠራሁለት አንድ ሰው ስምሽን ጠርቶ አለቀሰብኝ፤ ባይሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር።

አላህ የወለድሻትን ለዓይንሽ ያብቃልሽ። ለእማዬ ጉልበት ይስጣት። ለአንቺም የሚዘጋ አፍ ይስጥሽ፤ አሚን በይ።

ታናሽሽ