ውሃውን የመለሱት የአቶ ልደቱ ወልደ ሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ልደቱ ወልደ ሩፋኤል ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ኪዳኑ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደብረወርቅ ገዱ በ1951 ዓ.ም. በዳባት ተወለዱ። አባታቸው ለድቁና ቢያስቧቸውም፣ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ልባቸው ወደ ዘመናዊው ትምህርት አዘነበለና እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። የቧንቧ ሥራ የለመዱት ጎንደር ከተማ ነው። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺወርቅ አንሙት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በዚህ መንደር ጎጆ ወጡና ማርያማዊትንና ምሥጋናውን ወልደዋል።

አቶ ልደቱ ሰውን ቶሎ የሚያምኑ አልነበሩም፤ ቱቦን ደግሞ ጨርሶ አያምኑም። የገጠሙትን መጋጠሚያ በጨርቅ አድርቀው አመድ ይነሰንሱበታል፤ አመዱ ከረጠበ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሠርግ ተጠርተው እንኳ ከመቀመጣቸው በፊት የቤቱን ቧንቧ በዓይናቸው ሲፈትሹ ያልታዘባቸው የለም።

በ2009 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ተራሮች ላይ ከቡይት ራስ አጠገብ የተሠራ አንድ ሎጅ ክፍሎቹን በማገዶ ሳይሆን በውሃ ለማሞቅ አሰበ። ማሽኑ የምንጩን ውሃ ስቦ በውስጡ ያለችውን ጥቂት ሙቀት አጠራቅሞ ለክፍሎቹ ይሰጥና ውሃውን መልሶ ይለቀዋል። ቱቦውን የዘረጉት አቶ ልደቱ ናቸው። ውርጭ እንዳያፈነዳው የሚሄደውንም የሚመለሰውንም አጥልቀው ቀበሩት፤ የመልሱ ቱቦም በመሬት ሥር እንዳለ መንደራችን መስኖ ከሚጠልፍበት ወንዝ ውስጥ ገባ። ስሕተታቸው ይህች ናት። ውሃው ከምንጩ ሲገባ ሁሉም አየ፣ ሲወጣ ግን ማንም አላየም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ውሃ ተሰረቀ ነው የሚባል። በዚያው በጋ ወንዙ ሲሳሳ ጣት ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

የመስኖውን ተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት መሪጌታ ገሠሠ በሕዝብ ፊት፣ “ልደቱ፣ ውሃችንን የት አደረስኸው?” ብለው ጠየቋቸው። አቶ ልደቱ ዶማ አንሥተው የመልሱን ቱቦ ጫፍ ቆፍረው አወጡና ሰው ሁሉ በሚያየው ዐለት ላይ እንዲፈስ አደረጉት። መሪጌታም እጃቸውን ሰደዱበት፤ ከምንጩ ይልቅ ቀዘቀዛቸው። “ሙቀቱን ከወሰዱበት በረከቱን አለመውሰዳቸውን በምን አውቃለሁ?” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ለቅዳሴ የሚሆን ውሃ ከዚያ ወንዝ መቀዳቱ ቀረ። ይባስ ብሎ የጽዋ ማኅበሩ ተራ አቶ ልደቱ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ጠላው ሳይቀመስ ማኅበርተኛው ተነሥቶ ሄደ። በሕይወታቸው የደነገጡት ያን ጊዜ ነው። “ጠላዬን ያልጠጣ ሬሳዬን ይሸከማል?” እያሉ ለባለቤታቸው ያዝኑ ነበር። ልጃቸው ምሥጋናው ስም አጥፍተዋል ብሎ መንደሩን ልክሰስ ሲል ግን፣ “እኔ ራሴ የገጠምሁትን አመድ ሳልነሰንስ አምኜ አላውቅም፤ እነሱስ ለምን ይመኑኝ? ይፈትኑኝ እንጂ!” ብለው ከለከሉት።

ከዚያ በኋላ ለቤታቸው መብልም መጠጥም የሚሆነው ውሃ ከዚያው ከመልሱ ቱቦ የሚቀዳ ሆነ። ወ/ሮ የሺወርቅ መጀመሪያ ሰሞን ደብቀው ከላይኛው ምንጭ ያስቀዱ እንደነበር በራሳቸው ፈቃድ ጽፈነዋል። የገዛ ሚስት እንዲህ ከሆነች በጎረቤት ምን ይፈረዳል። በየዓመቱ ታኅሣሥ የተራቆተውን ጫፍ ውርጭ ይሰነጥቀዋል፣ አቶ ልደቱም ይጠግኑታል። እንደገና ልቅበረው ብለው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ታመሙ። የጎንደር ሐኪሞች የቆየ የልብ ድካም መሆኑን ቢናገሩም፣ መንደሩ ውስጥ “ያ ውሃ ነው” መባሉ አልቀረም። ያሉትንም እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቹ አሁን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊታችን ቆመዋል። አቶ ልደቱ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ትናንት ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

የሚከተለው በወረቀቱ ላይ አልታተመም፤ ዛሬ የሆነ ስለሆነ በቃል እንጨምረዋለን። ጠዋት ሬሳው ሊታጠብ ሲል መሪጌታ ገሠሠ ጀሪካን ተሸክመው ገቡ። ማርያማዊት፣ “ከየት ቀዱት፣ መሪጌታ?” ብትላቸው፣ “ከአባትሽ ቱቦ ነዋ!” አሉ። ከማፍሰሳቸው በፊት ግን ጣታቸውን ነከር አደረጉ። ይቅርታ ይሁን ፍተሻ አልጠየቅናቸውም። ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ይዘው እዚህ ድረስ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ቀያሪ ቢመጣም አልለቀቁም።

ከቀብር ስትመለሱ ለእጃችሁ የተዘጋጀው ውሃም ከዚያው ቱቦ የተቀዳ ነው። የጠረጠረ አስቀድሞ ጣቱን ይንከር፤ አቶ ልደቱ አይቀየሙም። አምላክ ነፍሳቸውን ጥርጥር በሌለበት አገር ያሳርፍልን።