ግማሽ ሹሩባና አንድ ክኒን

እህት ዓለም፣

ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ግማሽ ራሴ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተንጨፍርሯል። አትሳቂ! በእንግድነት ያረፍኩባት የእህቴ ልጅ ፀጉር ቤት ወስዳኝ ነበር። እዚህ ሰፈር ሐኪም ስለማይበቃ፣ ለፀጉር ሠሪዎች የደም ግፊት መለካት አስተምረዋቸዋል። እኛ ጋ ፀጉር ሠሪ የምትለካው የሰው ወሬ ነው። ይቺ ግን ሹሩባውን መሀል ላይ ትታ ክንዴን አሰረች፣ ለካች፣ ደግማ ለካች።

«እትዬ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

«ምንም አላመመኝም እኮ!»

«እሱ መች ያማል? ሳይናገር ነው የሚጥለው።»

«እሺ፣ ጨርሺልኝና ልሂድ።»

«መጀመሪያ ራስዎ ይትረፍ፣ ሹሩባው ይደርሳል!»

ነርሷም አሳርፋ ደጋግማ ለካችኝና ያንኑ አለች። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጥታኝ፣ «ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ክኒኑን በመዳፌ ይዤ ግራ ገብቶኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ነው ያደግነው፤ በሽታው ራሱ ሲደበቅስ ምን ይባላል? ሳያመኝ ከዋጥኩት መዳኔን በምን አውቃለሁ? ነርሷን ልጠይቃት ብዬ አፈርኩ፤ ወረፋው ረጅም ነው።

ካርዱ ጠበበኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ውሃ አመጡልኝና ግራ እንደገባኝ ዋጥኩት። አንቺም «እኔ ብረት ነኝ» ማለቱን ተይና ሄደሽ ተለኪ፤ ኋላ ብቻዬን ግራ አልጋባ።

ያቺው ዝምተኛዋ ጓደኛሽ