የተረት ሰዓቱ እንዲመለስ፣ የልጄም ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ በመዋዕለ ሕፃናቱ የቀረው የተረት ሰዓት እንዲመለስ እና ለልጄ የተሰጣት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳላት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

1. እኔ አመልካች ከመዋዕለ ሕፃናቱ ፊት ለፊት ባለችው ፀጉር ቤት የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የለመድኩት መቀስ እንጂ ብዕር ስላልሆነ፣ አቤቱታዬ አንድ ጎኑ ረዝሞ ሌላው ቢያጥር እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

2. የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎረቤት «ነጎድጓድ» ይላታል፤ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ያኔ የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁም ነበር፤ ካልገባን ትጮኻለች፤ ጩኸቱም ካልገባን ትነክሳለች። መዋዕለ ሕፃናት በገባች ሰሞን የጥበቃውን አውራ ጣት ነክሳ፣ ሰውየው እስካሁን እሷን ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል። እናቷ «ስታድግ ይተዋታል» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጥርሷም አብሮ እንደሚያድግ አስባለሁ።

3. ልጄን ሰው ያደረገልኝ የተረት ሰዓት ነው። መምህርቷ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ፣ ተረቱን መሐል ላይ ታቆምና «አሁን ጦጢት ምን ተሰማት?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ «ተናደደች» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ አፈረች» ይላል፤ ክርክሩ የሽማግሌ ሸንጎ ያስንቃል። ልጄም ከዚያ አዲስ አዲስ ቃል እያመጣች ቤታችንን ሞላችው።

4. አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ታክሲ ሾፌር ጺም ግማሹን ላጭቼ ሳለ፣ ከእሷ ጋር ፀጉር ቤት የነበረው ሕፃኑ ወንድሟ አለቀሰና ብድግ አድርጌ አቀፍኩት። ነጎድጓድ ከወንበሯ ተነስታ ወደ እኛ ስትመጣ ሁላችንም ተዘጋጀን፤ ሾፌሩ እንኳ ጣቶቹን ሸሸገ። እሷ ግን ፊቴ ቆማ፣ «አባዬ፣ እሱን ስታቅፈው ቀናሁ» አለችኝ። በሌላው ክንዴ እሷንም አቀፍኳት። ሾፌሩ በግማሽ ጺሙ በመስታወቱ እያየን፣ «እኔ ይቺን አንዲት ቃል ለሚስቴ ማለት አቅቶኝ ስንቴ አኩርፌያለሁ!» አለ።

5. ባለፈው ወር ከጽሕፈት ቤትዎ በመጣ ትእዛዝ የተረት ሰዓቱ ቀርቶ የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ተተካ። የልጄ ፊደል አምሯል፤ አልክድም። ነገር ግን ሰሞኑን የልብ ጓደኛዋን፣ የፋርማሲስቷን ልጅ፣ ገፍትራ ጣለቻት፤ የልጅቱም ክርን ተላጠ። ርእሰ መምህሩ «ከደገመች ትሰናበታለች» ብለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡን።

6. ቤት ስንገባ «ምን አድርጋሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ገፋሻት?»

«ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። እዚህ ጋ አመመኝ» ብላ ደረቷን አሳየችኝ። «ቃሉን ግን አላውቀውም።»

ክቡር ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውለው ሰው ፊቷ በርከክ አልኩ። «ናፍቆት ይባላል» አልኳት።

«ሳትሄድም ይመጣል?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ሳትሄድም ይመጣል።»

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዋን በሩ ላይ ጠብቃ፣ «የገፋሁሽ ስለናፈቅሽኝ ነው» አለቻት። ያቺም ክርኗን አየት አድርጋ፣ «እኔም ትናፍቂኛለሽ፤ ግን አትግፊኝ» አለቻት። ፋርማሲስቷና እኔ በየፊናችን ዞር ብለን ዓይናችንን ጠረግን።

7. ስለዚህ የልጄ ማስጠንቀቂያ ተነስቶላት የተረት ሰዓቱ እንዲመለስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፉ ይቅር አላልኩም፤ ሆኖም ልጅ የሚጽፈው የሚለው ሲኖረው ነው። ጊዜ ካጠረ፣ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ወላጆች ተራ ገብተን ልንተርት ዝግጁ ነን። ፋርማሲስቷ ከተማ እስክትለቅ ድረስ ፈቃደኛ ናት። ሾፌሩም ልጅ ሳይኖረው «እኔም አለሁበት» ብሏል፤ የሱ ተረት ግን እንደ ታክሲው በየቦታው ስለሚቆም ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

8. ይህን ስጽፍ ልጄ መጥታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ተረቱን ላስቀሩት ትልቅ ሰው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ከፍቷቸው ይሆናል እኮ። ጠይቀሃቸዋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ አልጠየቅኩም። ስለሆነም ከውሳኔዎ በፊት፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ክቡር ሆይ፣ ደኅና ነዎት?

መልስዎን አደርስላታለሁ።

ከልብ ከመነጨ ሰላምታዬ ጋር

(ፊርማ)
ፀጉር አስተካካዩ፣ የነጎድጓድ አባት